ባንዲራውን የያዘው እጅ የማን ነው? ከጃፓን የመንገድ ፎቶዎች የምናነበው

ባንዲራ ጨርቅ ነው ወይስ ከጨርቅ በላይ? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ባለኮከቡ፣ ኮከብ የሌለው፣ አንበሳ ያለበት እየተባለ በየከተማው ሰልፍ ላይ ስንከራከር፣ አንዳንዴም ስንኳረፍ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ግን የራሳችንን ክርክር ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን የሌላ አገር ታሪክ እንይ። ጃፓኖች ባንዲራቸው ከሩቅ ለሚያየው ያው ነጭ መደብ፣ ያው ቀይ ክብ እንደሆነ ትርጉሙ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ ሲገለባበጥ አይተዋል። ይህን መገለባበጥ ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ በደንብ መዝግበው ያቆዩት መንገድ ላይ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመርከብ እስከ ትምህርት ቤት

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ነው። በ1854 የሾጉኑ መንግሥት የጃፓን መርከቦች ከውጭ መርከቦች ተለይተው እንዲታወቁ ቀይ ክብ ያለበት ነጭ ሰንደቅ እንዲሰቅሉ አዘዘ። ሾጉኑ ወድቆ መንግሥት በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ስም ከተቋቋመ በኋላም፣ በፌብሩዋሪ 1870 ያው ሰንደቅ ለንግድ መርከቦች ተደነገገ። ጃፓኖች ሂኖማሩ ይሉታል፤ የፀሐይ ክብ እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሂኖማሩ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ነው ብሎ በግልጽ የደነገገው ሕግ የወጣው በ1999 ነው። ሚሊዮኖች የተሸኙበትና የሞቱለት ባንዲራ በወረቀት ደረጃ የንግድ መርከብ ምልክት ሆኖ ነው የኖረው። አገር ያደረገው መንገዱ ነው ማለት ይቻላል።

ካሜራ ደግሞ ጃፓን የገባው በዚያው ዘመን ነው። በ1863 ፌሊቼ ቤያቶ የሚባል በትውልዱ ጣሊያናዊ የሆነ እንግሊዛዊ ዮኮሃማ ወደብ ላይ ሥራ ጀመረ። እሱና ተከታዮቹ ያነሷቸው ፎቶዎች በእጅ ቀለም እየተቀቡ ለውጭ አገር መንገደኞች ይሸጡ ነበር። የፉጂ ተራራ፣ ኪሞኖ የለበሰች ሴት፣ ሰይፍ የታጠቀ ሳሙራይ። ብዙዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀናብረው የተነሱ ናቸው። ሳሙራይ የሚባለው ወግ በሕግ ከቀረ በኋላ እንኳ ልብሱን የለበሰ ሰው እየተነሳ መሸጡ ቀጥሏል። እንግዲህ የጃፓን ምልክት ተብሎ ለዓለም የተሰራጨው የመጀመሪያው ምስል የተሠራው ለገዢው ዓይን ነበር። መንገዱ ላይ የሚሄደው ሰው ገና አልተጠየቀም።

ሁለተኛው ትልቅ ምልክት የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ነው። ኡቺዳ ኩዊቺ የሚባለው ፎቶ አንሺ ሜይጂን በ1872 በባሕላዊ የቤተ መንግሥት ልብስ፣ በ1873 ደግሞ በአውሮፓ ዓይነት የጦር ልብስ አነሳቸው። ሰው ፎቶውን እንደ ማንኛውም ዕቃ መግዛትና መሸጥ ሲጀምር መንግሥት ሽያጩን ከለከለ። በ1888 አዲስ ምስል ሲፈለግ የጃፓን መንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ቤት ተቀጣሪ የነበረው ጣሊያናዊ ኤዶአርዶ ኪዮሶኔ ንጉሡን ሳሉ። ማሩኪ ሪዮ ደግሞ ሥዕሉን በካሜራ አነሳው። በየትምህርት ቤቱ ተሰራጭቶ ተማሪ የሚሰግድለት ይህ "ፎቶ" የሥዕል ፎቶ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች እሱን የሚያስቀምጡበት የተለየ ቤት ሠርተውለታል። እሳት ሲነሳ ምስሉን ለማዳን ገብተው የሞቱ ርእሰ መምህራን ነበሩ።

መንገድ ላይስ? የንጉሡ ሠረገላ ሲያልፍ ሕዝብ አንገቱን ይደፋል፤ ከፎቅ ቁልቁል ማየት ነውር ነው። ስለዚህ የመንገድ ፎቶ በጃፓን ሲወለድ የአገሪቱ ዋና ምልክት የማይታይ ምልክት ነበር። የቀረው ባንዲራው ነው። ባንዲራን ደግሞ ማንም ሰው ይይዘዋል፤ ሕፃንም፣ ነጋዴም፣ ፖሊስም።

ላይካ የያዙ ሰዎች

በ1920ዎቹ መጨረሻ ትንሿ የጀርመን ካሜራ ላይካ ጃፓን ደረሰች። ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ እግር አትፈልግም፤ ሰው ሳያውቅ ይነሳል። ኪሙራ ኢሄይ በዚህች ካሜራ የቶኪዮን ሠፈሮች፣ ኡኤኖን፣ አሳኩሳን፣ ገበያውንና ጠባብ መንገዱን ማንሳት ጀመረ። በ1932 ከኖጂማ ያሱዞና ከናካያማ ኢዋታ ጋር "ኮጋ" የሚባል መጽሔት አቋቋሙ። በመጀመሪያው እትም ላይ ሐያሲው ኢና ኖቡዎ ፎቶግራፍ ሥዕል ለመምሰል መድከሙን ትቶ ወደ ራሱ እንዲመለስ፣ ኑሮንና ዘመንን እንዲመዘግብ ጠየቀ። መጽሔቱ ከ18 እትም በኋላ በ1933 ቢዘጋም ሐሳቡ ቀረ።

ሌላው ኩዋባራ ኪኔዮ ነው። በ1913 የተወለደ፣ ቤተሰቦቹ ዕቃ በመያዣ ተቀብለው ገንዘብ የሚያበድሩ፣ እሱም እዚያው ሱቅ የሚሠራ የቶኪዮ ልጅ ነው። ከሱቁ ሲወጣ ላይካውን ይዞ በሠፈሩ ይዞራል። የሱቅ መጋረጃ፣ የሲኒማ ማስታወቂያ፣ ትራም የሚጠብቅ ሰው፣ የሚጫወቱ ልጆች። ለማንም ተልዕኮ አልነበረም የሚያነሳው። የ1936 ቶኪዮን የያዘው መጽሐፉ የታተመው በ1974፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

የእኛም ሰው በዚህ ዘመን ጃፓንን አይቷል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኖቬምበር 1931 ጃፓን ገብተው፣ ሲመለሱ "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የ1889ኙን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርጎ የተዘጋጀ ነው። ለአዲስ አበባ ምሁራን የፀሐይዋ ባንዲራ ትርጉም ግልጽ ነበር፤ ጥቁርም ቢጫም ሕዝብ በራሱ ንጉሥ ሥር ሆኖ መሠልጠን ይችላል ማለት ነው። ግን ኅሩይ ቶኪዮ የገቡት የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ከጀመረ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ያው ባንዲራ በአዲስ አበባ ተስፋ፣ በማንቹሪያ የወራሪ ምልክት ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ምስል

1936 ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ያመጣ ዓመት ነው። በፌብሩዋሪ 26 ቶኪዮ በበረዶ ተሸፍና ሳለች ወደ 1,500 የሚጠጉ ወታደሮች በወጣት መኮንኖች እየተመሩ የከተማዋን መሐል ያዙ። የገንዘብ ሚኒስትሩን ታካሃሺ ኮሬኪዮን ጨምሮ ከፍተኛ ባለሥልጣናትን ገደሉ። ይህን ያደረግነው ለንጉሠ ነገሥቱ ብለን ነው አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ተቆጡ፤ እንዲደመሰሱም አዘዙ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። በፌብሩዋሪ 29 መንግሥት እጅ ስጡ የሚለውን መልእክት ያስተላለፈው በምን መሰላችሁ? ሱቆች ለሸቀጥ ማስታወቂያ በሚጠቀሙበት ፊኛ ነው! ከፊኛው ላይ የተንጠለጠለው ጽሑፍ የንጉሡ ትእዛዝ እንደወጣ ይነግርና በጦሩ ሰንደቅ ላይ እጃችሁን አታንሱ ይላል። አመፀኞቹም በንጉሡ ስም፣ መንግሥትም በንጉሡ ስም። ሁለቱም ወገን የሚጠራው አንድ ምልክት ሲሆን ምልክቱ ብቻውን ማን ትክክል እንደሆነ ሊነግረን አይችልም። የዚያን ፊኛ ፎቶ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሐተታ አያስፈልገውም። ኩዋባራም በዚያ ሰሞን ካሜራውን ይዞ ወጥቶ በቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ ባባሳኪ በር ፊት ለፊት ፎቶ አንስቷል።

በዚያው ዓመት በኦገስት የበርሊን ኦሎምፒክ ማራቶንን ሶን ኪ ጆንግ አሸነፈ። ሶን ኮሪያዊ ነው። አገሩ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች ግን የሮጠው ለጃፓን፣ ደረቱ ላይ ያለውም ሂኖማሩ ነው። ሴኡል የሚታተመው ዶንግ-አ ኢልቦ ጋዜጣ የሽልማት ፎቶውን ሲያወጣ ከደረቱ ላይ ቀዩን ክብ አጠፋው። ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ጋዜጣውም ለወራት ታገደ። ለአንድ ጃፓናዊ የኩራት ምንጭ የሆነው ክብ ለሶን የተነጠቀ ስም ነበር። እንግዲህ የመንገድ ፎቶ አንሺዎቹ እንዳለ በሚመዘግቡት ምልክት ላይ እነዚያ ጋዜጠኞች በጥቂት ቀለም ፍርድ ሰጡ። አንባቢው ምን እንደጠፋ ሳይነገረው ገባው።

መሸኛ

በጁላይ 1937 ከቻይና ጋር ሙሉ ጦርነት ሲጀመር የቶኪዮ መንገድ ተለወጠ። የዚያ ዘመን ፎቶዎች ላይ የሚደጋገመው መሸኛ ነው። ባቡር ጣቢያ፣ የዘማቹ ስም የተጻፈበት ረዥም ሰንደቅ፣ ነጭ ሽርጥ ያደረጉና ደረታቸው ላይ የአገር መከላከያ የሴቶች ማኅበር መታጠቂያ ያሰሩ ሴቶች፣ የወረቀት ባንዲራ የሚያውለበልቡ ሕፃናት። ከሩቅ ሲታይ የደስታ ሰልፍ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሚያየው ግን ባንዲራው ፊትም ይሸፍናል። እናት አደባባይ ላይ ማልቀስ አትችልም፤ ጎረቤት ያያል። ባንዲራውን ከፍ አድርጋ ማውለብለብ ነው ያለባት።

መንገዱ ላይ ሌላ ምልክትም ነበር። ሴቶች በየመንገዱ ጥግ ቆመው አላፊ አግዳሚዋን ሴት አንዲት ስፌት ትጨምርላቸው ዘንድ ይለምናሉ። አንድ ሺህ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ ቀይ ክር ቋጥረው የሚያልቅ መታጠቂያ ነው፤ ዘማቹ ሆዱ ላይ ያስረዋል፣ ከጥይት ይጠብቀዋል ተብሎ። በነብር ዓመት የተወለደች ሴት በዕድሜዋ ልክ መስፋት ይፈቀድላታል። አንዳንዱ ላይ የአምስት ሰን ሳንቲም ይሰፋል። በጃፓንኛ አራት ሰን የሚለው ቃል ሲሰማ የሞት መስመር ከሚለው ጋር አንድ ነውና አምስት ሰን ያለው ሰው የሞትን መስመር አልፏል ማለት ነው። በእኛ አነጋገር ሰምና ወርቅ ነው። እንግዲህ ሰሙ ዝመት ይላል፤ ወርቁ ደግሞ አትሙትብኝ ነው። መንግሥት የመጀመሪያውን ሰማ። ሴቶቹ የሰፉት ሁለተኛውን ነው።

ባንዲራውም ቢሆን እንዲሁ ነበር። ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ በቀዩ ክብ ዙሪያ ስማቸውን ጽፈው ለዘማቹ ይሰጡታል፤ እሱም አጣጥፎ ይዞት ይሄዳል። የመንግሥት ምልክት የነበረው ጨርቅ እንዲህ ሆኖ የአንድ ሠፈር ደብዳቤ ሆነ። ግን ይህን ስናነብ ሌላውን ወገን መርሳት የለብንም። በዲሴምበር 1937 ናንጂንግ ስትያዝ ቶኪዮ ውስጥ ሕዝብ ፋኖስና ባንዲራ ይዞ መንገድ ወጥቶ ጨፈረ። በዚያው ሳምንት ናንጂንግ ውስጥ በዚያው ባንዲራ ሥር እስረኞችና ሰላማዊ ሰዎች በጅምላ ይገደሉ ነበር። የቶኪዮው ሰልፍ ፎቶ ውሸት አይደለም። ሙሉው እውነት ግን አይደለም።

ፎቶ አንሺዎቹም ከዚህ ውጭ አልነበሩም። የወታደራዊ ምሥጢር ሕጉ በ1937 ሲጠብቅ ካሜራ የያዘ ሰው በቀላሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ከዚያም አልፎ ብዙዎቹ ለመንግሥት ሠሩ። ያ የሠፈር ሕይወትን በፍቅር ሲያነሳ የኖረው ኪሙራ ኢሄይ በጦርነቱ ጊዜ "ፍሮንት" የተባለውን የፕሮፓጋንዳ መጽሔት የሚያዘጋጀው ድርጅት የፎቶ ክፍል ኃላፊ ነበር። መጽሔቱ በብዙ ቋንቋዎች ይታተም ነበር፤ ታንኮቹ በዝተው እንዲታዩ ፎቶዎች እየተቆራረጡ ይገጣጠሙ ነበር። አንድ ዓይን፣ አንድ ካሜራ፤ በ1932 ሰውን አሳየ፣ በ1942 ሰውን ወደ ማስጌጫ ለወጠ።

ኩዋባራም ለጦርነቱ አገልግሎት ተጠርቷል። የእሱ ሥራ ግን ሌላ ነገር ትቶልን አለፈ። በ1943 በቶኪዮ ዝቅተኛ ሠፈሮች ለዘመቱ ወታደሮች የሚላክ የቤተሰብ ፎቶ ያነሳ ነበር። ሚስት፣ ልጆች፣ አዛውንት ወላጆች ለዘመተው አባትና ልጅ ሊታዩ ካሜራ ፊት ቆሙ። ከጦርነቱ በኋላ 99 ፎቶዎች ቀሩ፤ የሰዎቹ ስም ግን የለም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጋዜጠኛው ኮዳማ ታካያ ፎቶዎቹን ይዞ በየመንደሩ እየዞረ እነዚህን ታውቃላችሁ ወይ እያለ ጠየቀ። በ1975 የወጣው መጽሐፉ ርእስ ውስጥ 1 ሰን ከ5 ሪን የሚል ዋጋ አለ። ይህ የአንድ ፖስትካርድ ዋጋ ነው። ተራ ወታደር በዚህች ዋጋ ይተካል የሚል መራራ አባባል ነበርና።

ባንዲራ ሲወርድ

በኦገስት 1945 ጃፓን ተሸነፈች። በሴፕቴምበር 27 ጄኔራል ማክአርተርና ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ አብረው የቆሙበት ፎቶ ተነሳ። አሜሪካዊው ያለ ክራቫት፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ንጉሡ አጠር ብለው ሙሉ ልብስ ለብሰው ቀጥ ብለዋል። የጃፓን መንግሥት ጋዜጦቹ እንዳይሰራጩ ቢሞክርም የአሜሪካ ጦር እገዳውን ሻረው። ቀና ብሎ ማየት ነውር የነበረው ፊት በየጋዜጣ ሻጩ እጅ መንገድ ላይ ወጣ። ያንን የሥዕል ፎቶ ለማዳን እሳት ውስጥ የገቡት ሰዎች ልጆች ይህንን በሳንቲም ገዝተው አዩት።

ሂኖማሩም ያለ ፈቃድ እንዳይሰቀል ተከለከለ፤ ገደቡ የተነሳው በ1949 ነው። የዚህን ጊዜ የመንገድ ፎቶ የሚናገረው የባንዲራው መጥፋት ነው። ሃያሺ ታዳሂኮ በ1946 ሺናጋዋ ጣቢያ ላይ ከጦር ሜዳ የሚመለሱትን አነሳ። ኡኤኖ ላይ ደግሞ ሲጋራ የሚያጨሱ ወላጅ አልባ ሕፃናትን አነሳ። በዘፈንና በባንዲራ የተሸኙት ሲመለሱ ሰልፍ አልጠበቃቸውም። አካላቸውን ያጡት ነጭ ልብስ ለብሰው መንገድ ዳር ይለምኑ ነበር። ባንዲራውን ያውለበለበው ሕዝብ ያው ነው፤ አሁን ግን ዓይኑን ዞር ያደርጋል።

ከዚያ ደግሞ 1964 መጣ። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ፖስተር ላይ ትልቅ ቀይ ክብ ብቻውን፣ ከሥሩ ወርቃማ ቀለበቶች። የሠራው ካሜኩራ ዩሳኩ በ1930ዎቹ መጨረሻ ጃፓንን ለውጭ አገር የሚያስተዋውቅ መጽሔት በሚያዘጋጀው ኒፖን ኮቦ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ያው ክብ አሁን ሰላም፣ አሁን እንግዳ ተቀባይ ሆነ። በኦክቶበር 21 የእኛ አበበ ቢቂላ በዚያች ከተማ መንገድ ላይ ሕዝብ ግራና ቀኝ ተሰልፎ እያየው 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ። ያንን የምናውቀው ፎቶ ሁላችንም በኩራት ነው የምናየው። ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊው ፁቡራያ ኮኪቺ ስታዲየም ሲገባ ሁለተኛ ነበር፤ በአገሩ ሕዝብ ፊት እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀደመው። ነሐስ አገኘ፤ ባንዲራው ተሰቀለለት። በጃንዋሪ 1968 ራሱን አጠፋ። ሰላማዊ የሆነ ባንዲራም ለተሸከመው ሰው ሊከብድ ይችላል።

በ1965 ካዋዳ ኪኩጂ "ካርታ" የተባለውን የፎቶ መጽሐፉን አሳተመ፤ በኦገስት 6፣ ሂሮሺማ በተመታችበት ዕለት። በውስጡ የሂኖማሩ ፎቶ አለ፤ የረጠበና የተጨማደደ። ከፖስተሩ ንጹሕ ክብ ጋር አንድ ምልክት፣ የጥቂት ዓመታት ልዩነት ብቻ። የቱ ነው እውነተኛው? ሁለቱም ናቸው።

ስም የሌለው ፊት፣ ፊት የሌለው ስም

ዛሬ አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት አስቶሪያ ከተማ ውስጥ ኦቦን ሶሳይቲ የሚባል ድርጅት አለ። የአሜሪካ ወታደሮች ከጦር ሜዳ ለማስታወሻ ያመጧቸውን ስም የተጻፈባቸውን ባንዲራዎች ከልጅ ልጆቻቸው እየተቀበለ የዘማቹን ቤተሰብ ፈልጎ ይመልሳል። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንድ በኩል ስም የሞላበት፣ ፊት የሌለው ባንዲራ። በሌላ በኩል የኩዋባራ 99 ፎቶዎች፣ ፊት ያላቸው፣ ስም የሌላቸው። ጦርነቱ አንዱን ከሌላው ነጠለ። ቤተሰብም ጋዜጠኛም ለብዙ ዓመት የደከመው ሁለቱን መልሶ ለማገናኘት ነው። ያንን ድካም የፈለገ አንድም ሰው ታዲያ የባንዲራው ቀይ ምን ያህል ቀይ ነው ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው ይህን የያዘው ማን ነበር ብሎ ነው።

ለዚህ ነው የጃፓን ታሪክ እኛንም የሚመለከተን። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በፍራንክፈርት በየሰልፉ ስልካችንን ከፍ አድርገን የምናነሳው አብዛኛውን ጊዜ ባንዲራውን ነው። ፎቶው በማግስቱ ይለጠፋል፤ ክርክሩ ስለ ኮከቡ ይሆናል። ከባንዲራው ሥር ያሉት እትዬ ልጃቸውን አጥተው የመጡ ይሁኑ፣ ወይስ ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አደባባይ የወጡ፣ ማንም አይጠይቅም። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ያንን ፎቶ የሚያይ ልጅ ባንዲራውን ከመጽሐፍም ሊያገኘው ይችላል። እትዬን ግን ከሌላ ቦታ አያገኛቸውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሰልፍ ላይ ቀለሙን ካነሳችሁ በኋላ ካሜራውን ትንሽ ዝቅ አድርጉት። እጁን አንሱ፣ ፊቱንም፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰውየውን ስም ከፎቶው ጋር ጻፉ። ኮዳማ ታካያ በየመንደሩ እየዞረ የፈለገው ይህንኑ ነበር።